ነጥቧን ያመነ ጅብ

አንድ ጊዜ፣ ያውም የዱር እንስሳት ሁሉ አንገታቸው ላይ ስልክ ማንጠልጠል በጀመሩበት ሰሞን፣ እመት ቀበሮ ከጉድጓዷ ሳትወጣ ብዙ ቆይታ አንድ መተግበሪያ ሠራች። ስሙንም «አለሁ» አለችው። ወዳጅ ከወዳጁ ሰላምታ ይለዋወጥበታል፤ ሌላ ሥራ አልነበረውም። እመት ቀበሮ ግን የዓለምን ችግር ሁሉ የፈታች ይመስል ደረቷን ነፍታ ወጣችና ከሁሉ አስቀድማ ለጎረቤቷ ለእመት አህዩት አሳየቻት።

እመት አህዩት ስልኩን ገልበጥ አድርጋ አየችው። «ሰላም ለማለትማ ምን አፕ ያስፈልገኛል? አንዴ ባናፋ አገር ምድሩ ይሰማኝ የለ!»

ሌሎቹም እንዲሁ አሏት። ሚዳቋ ከፍታ ዘጋችው፤ ጅግራ ጭራሽ አልከፈተችውም። እመት ቀበሮ ተናደደች። ቀበሮ ደግሞ ስትናደድ ዘዴ ይመጣላታል። ወደ ጉድጓዷ ተመልሳ ገባችና የጫካውን ካርታ ሠራች፤ በካርታውም ላይ እያንዳንዱ እንስሳ ያለበትን ቦታ የምታሳይ አንድ አረንጓዴ ነጥብ አደረገች።

ያን ጊዜ ጉድ ፈላ! ሚዳቋ ከለምለሙ መስክ ስትደርስ ነጥቧን ያየ ሁሉ «ታድላ!» አለ። ጅግራ ፍል ውሃው ድረስ ሄዳ ላባዋን እንኳን ሳታርስ ተመለሰች፤ መሄዷ ከታየላት ምን ቀራት? ዝንጀሮ ገደሉ ጫፍ ላይ የወጣው አገሩን ሊያይ ሳይሆን መውጣቱን ሊያሳይ ነበር። ከደጃፉ ርቆ የማያውቀው ጃርት ሳይቀር «ነጥቤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ስትቆም ያሳፍራል» ብሎ ሽርሽር ጀመረ።

አያ አንበሶ ብቻ እምቢ አለ። «እኔ የት እንዳለሁ ማወቅ የፈለገ መጥቶ ይየኝ» አለ። ማንም አልሄደም።

በመጨረሻ እመት አህዩትም ተሸነፈች። ገና እግሩ ያልጠና ውርንጭላ ነበራትና ችግር ቢደርስባት ወዳጆቿ ቶሎ እንዲያገኟት አስባ ስልኩን አንገቷ ላይ አሰረች። ከመክፈቷ በፊት ግን አንድ ነገር ጠየቀች።

«እመት ቀበሮ፣ ነጥቤን የሚያየው ማን ማን ነው?»

«ሁሉም ነዋ! ውበቱ እሱ አይደል? ያየሽ በበዛ ቁጥር ክብርሽ ይጨምራል።»

እውነቱን ለመናገር የሚጨምረው የእመት ቀበሮ ክብር ነበር። አዲስ አባል በገባ ቁጥር ልቧ ቅቤ ይጠጣል። አንድ ቀን «ግልገሏ» የምትባል፣ የነጭ ግልገል በግ ፎቶ የለጠፈች እንግዳ ስትመጣም የማን ልጅ ነሽ፣ ከየት መጣሽ ሳትል በደስታ ተቀበለቻት።

ግልገሏ አያ ጅቦ ነበር። ስልኩን ከየት እንዳገኘው አንጠይቀው፤ ባለቤቱ ከእንግዲህ መልስ አይሰጥም። ድሮ ሲርበው አፍንጫውን ለነፋሱ ሰጥቶ ከሸለቆ ሸለቆ ይንከራተት ነበር። አሁን ዋሻው ውስጥ ተንጋሎ ነጥቦቹን ያማርጥ ጀመር።

«ሚዳቋ... እሷ ትሮጣለች፣ ታደክመኛለች። ጃርት... ኧረ ይቅርብኝ፣ ጉሮሮዬን አልጠላሁትም። አህዩት... አህዩት ከነልጇ! እሰይ!» አለና ምራቁን ዋጠ።

በማግስቱ ጠዋት እመት አህዩት ውርንጭላዋን ውሃ ልታጠጣ ወንዝ ወረደች። ስፍራው በቁጥቋጦ የተከለለ ነው፤ ጅብ በዕድሜው ደርሶበት አያውቅም። አያ ጅቦ ግን የቤቱን መንገድ የያዘ ያህል ቀጥ ብሎ መጣና ውርንጭላው ላይ ተወረወረ። እመት አህዩት ዞር ብላ በሁለት የኋላ እግሯ ደረቱን አለችው። አያ ጅቦ ቁልቁል ሲንከባለል ውርንጭላው ጭኑ ተቧጭሮ ከእናቱ ጋር አመለጠ።

«የትም ብትሄጂ አገኝሻለሁ!» ብሎ ጮኸባት ከኋላ።

እመት አህዩት እያለከለከች ጉድጓዱ ደጃፍ ስትደርስ እመት ቀበሮ የአባላቱን ብዛት እያየች ፈገግ ብላ ነበር።

«ልጄን!» አለች እመት አህዩት። ውርንጭላው እየተንቀጠቀጠ ከሆዷ ሥር ገባ። «ልጄን ልታስበዪብኝ ነበር! ያን ስፍራ ያሳየችኝ እናቴ ናት፤ ከእኔ በቀር የሚያውቀው አልነበረም። ያሳበቀብኝ ያንቺ ነጥብ ነው። አምኜሽ ነበር እኮ፣ እመት ቀበሮ!»

እመት ቀበሮ ክው አለች። ጎንበስ ብላ የውርንጭላውን የተቧጨረ ጭን አየች። በዕድሜዋ ብዙዎችን አታላለች፣ አንዱም ቆጭቷት አያውቅም፤ አሁን ግን ማንንም ሳታታልል ጎረቤቷን ለጅብ አሳልፋ ሰጥታ ነበር። እፍረቱ አቃጠላት። ቶሎ ብላ ስልኳን ከፈተችና ካርታው ላይ የወንዙን ዳር ፈለገች።

«እዚያ ከእናንተ ጋር ማን ነበር?»

«ማን ይኖራል? እኔ፣ ልጄና ያ ጅብ!»

«በግ አላየሽም?»

«የምን በግ አመጣሽብኝ!»

እመት ቀበሮ ስልኩን አዞረችላት። «ግልገሏ» የሚል ስም ያላት ነጥብ ከወንዙ ዳር ተነስታ ቀስ እያለች ስታዘግም ይታያል። ሁለቱም በዓይናቸው ተከተሏት። ነጥቧ ሄዳ ሄዳ ከጅቡ ዋሻ ገባች።

«አይ ይኼ ከይሲ!» አለች እመት አህዩት። «በይ አሁኑኑ አጥፊው! አፑን ከነካርታው አጥፊልኝ!»

«ባጠፋውስ? እሱ እንደሆነ መንገድሽን ሁሉ አውቆታል። ባባርረው ደግሞ ነገ የዶሮ ፎቶ ለጥፎ ይመለሳል። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ እኔው ላስተካክለው። ስልክሽን እስከ ማምሻ አውሺኝ፤ አንቺ ልጅሽን ይዘሽ እዚህ ከጉድጓዴ በላይ ካለው ጉብታ ጀርባ ቆዪ።»

እመት አህዩት ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ስልኩን አስፈታቻት።

አያ አንበሶ ምሳውን በልቶ ከወርካው ሥር፣ ረጅሙ ሣር ውስጥ ተጋድሟል። እመት ቀበሮ በደረቷ እየተሳበች ተጠጋችው። ስልኩን ቀስ ብላ ከጎፈሩ አጠገብ አስቀመጠችና ልትመለስ ስትል ስልኩ «ጭር!» አለ። ጅግራ መልእክት ልካ ነው፤ «እመት አህዩት፣ ዛሬ ደግሞ የወርካው ጥላ ሥር ነሽ? ታድለሽ!» ይላል።

አያ አንበሶ አንድ ዓይኑን ገለጠ። «ምንድን ነው እሱ?»

«ፌንጣ ነው ጌታዬ። ይተኙ።»

«እንዳይደግመው ንገሪው» አለና ዓይኑን መልሶ ጨፈነ።

እመት ቀበሮ የስልኩን ድምፅ አጠፋችና በመጣችበት ሁኔታ ተስባ ወጣች። ከዚያም እስከ ጉብታው ድረስ ትንፋሿን ሳትሰበስብ ሮጠች። «ኑ!» ብላ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራች። «ግልገሏ የምትባለውን እንግዳችንን ላስተዋውቃችሁ!» ሚዳቋ፣ ጅግራ፣ ዝንጀሮና ጃርት ምን መጣ ብለው ስልኳን ከበቡ።

በዚያው ሰዓት አያ ጅቦ ዋሻው ውስጥ የተረገጠ ደረቱን እያሻሸ ካርታውን ከፈተ። የአህዩት ነጥብ ወርካው ሥር ቆማለች፤ ንቅንቅ አትልም። በአካባቢው ሌላ ነጥብ የለም። አያ አንበሶ መቼም ነጥብ ኖሮት እንደማያውቅ ለማስታወስ ጥቂት ማሰብ ይጠይቃል፤ ማሰብ ደግሞ አያ ጅቦን ያስርበዋል።

«ተኝታለች!» ብሎ ብድግ አለ። ስልኩን አስር ጊዜ እያየ ገሰገሰ። ወርካው አጠገብ ሲደርስ ነፋሱ የአንበሳ ሽታ ይዞ መጣ። አፍንጫው «ተመለስ» አለው፤ ነጥቧ ግን እዚያው ሆና ታበራለች።

«አንተ አፍንጫ፣ አርጅተሃል» አለና ሣሩ ውስጥ ዘሎ ገብቶ ያገኘውን ነከሰ።

ያገኘው የአያ አንበሶን ጅራት ነበር።

አያ አንበሶ ሲያገሳ ጉብታው ላይ ያሉት ሁሉ ጆሯቸውን ያዙ። «ይኼም ፌንጣ ነው?!» ሲልም ተሰማ። ጥፍሩ ጀርባው ላይ ሲያርፍ አያ ጅቦ እግሬ አውጪኝ አለ።

«ኧረ ግልገሏን እዩልኝ!» ብላ ጮኸች ሚዳቋ፣ ዓይኗ ከስልኩ ላይ ተተክሎ። «በግ እንዲህ ይሮጣል እንዴ? እኔንም ትቀድመኛለች እኮ!»

ነጥቧ ወንዙን ተሻገረች። ዋሻዋን እንኳን ዞራ ሳታይ አለፈች። ተራራውን ወጥታ ወረደች፤ ከካርታው ጫፍ ስትደርስ ትንሽ ተርገበገበችና ጠፋች። እመት ቀበሮ ግልገሏ ማን እንደነበረች ስትነግራቸው ጉብታው በሆታ ተናወጠ። ዝንጀሮ ተንከባለለ፤ ጃርትም ሁሉንም ሊያቅፍ ሲሞክር ሁሉም ሸሸው። እመት አህዩት ራሷን ቀና አድርጋ አናፋች፤ እንዳለችውም አገር ምድሩ ሰማት።

ሆታው በረድ ሲል እመት ቀበሮ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ጅቡን ያስገባሁት እኔ ነኝ። መብዛታችሁን እንጂ ማንነታችሁን አልጠየቅሁም። ከእንግዲህ «አለሁ» የማንንም ነጥብ ያለ ፈቃዱ አያሳይም» አለች። ቃሏንም ጠበቀች። ከዚያ ወዲህ «አለሁ» ገና ሲከፈት «ለማን ልንገርልህ? ለማን ልንገርልሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ሆነ። ጃርት ለሚስቱ ብቻ አለ። ጅግራ የስም መዓት አወረደች፤ ያው ጅግራ ናት። እስከዚያ ፈርተው የቀሩ ልጅ ያላቸው እናቶችም አንድ በአንድ እየመጡ ገቡ።

እመት ቀበሮ የተዋሰችውን ስልክ ልታመጣ ወደ ወርካው ሥር ስትሄድ አያ አንበሶ ነቅቶ ጅራቱን እየላሰ ነበር። «ፌንጣሽን ረስተሽ ሄደሻል» አላት። እየሳቀ ይሁን እየተቆጣ ለማጣራት አልቆየችም፤ ስልኩን ላፍ አድርጋ ሮጠች።

እመት አህዩት ስልኳን ስትረከብ «አለሁ» እሷንም «ለማን ልንገርልሽ?» አላት። ውርንጭላዋን አየች። ብዙ አሰበች። ከዚያ ከጫካው ሁሉ አንድ ስም ብቻ መርጣ ሄደች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እመት ቀበሮ ጉድጓዷ ውስጥ እንዳለች ስልኳ «ጭር!» አለ። ስትከፍተው ካርታው ላይ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ፣ ከወንዙ ዳር ከዚያ ከተከለለው ስፍራ፣ ለእሷ ብቻ በርታለች። እመት ቀበሮ እያየቻት እንባዋ መጣ፤ ያን ዕለት የአባላቱን ብዛት ማየትም ረሳች።

ከዚህ የምንማረው ያለንበትን ለሚወደን መንገር መጠበቂያ፣ ለማናውቀው ሁሉ መንገር ግን መታደኛ መሆኑን ነው።