ሞርሞኑ ልብስ ሰፊና የእድር ዳኛው

ልጁን ሊድር የደረሰ አንድ ሰው ነበረ። የሰፈሩ የእድር ዳኛ ነው። ሲናገር ይደመጣል፣ ሲቆጣ ይፈራል፤ እሱም ይህን ጠንቅቆ ያውቃል።

መሪጌታ ልሳነወርቅ ምሳሌውን እንዲህ ብለው የጀመሩት ወለላ ለምትባል የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪያቸው ነው። ወንድሟ ሥራ ፍለጋ ከተማ ሄዶ ሞርሞን ሆኖ ተመልሷል። «አንዱ ክርስቲያኖች ናቸው ይለኛል፤ አንዱ አይደሉም ይለኛል፤ ሌላው መጽሐፋቸው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የጻፈው ነው ይላል። ማንን ልመን? እናቴ ቤታችን እንዳይደርስ ከልክላዋለች። እኔስ ቢመጣ በሩን ልክፈትለት?» ብላ ጠየቀቻቸው። መሪጌታው ክርክር አልወደዱም። «ዝም ብለሽ ስሚኝ» አሉና ቀጠሉ።

በዚያው ሰፈር አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ። አዲስ አበባ ስድስት ዓመት ሠርቶ ሲመለስ ሃይማኖቱን ለውጦ፣ ሞርሞን ሆኖ መጣ። ሰፈሩ ከዚያ በፊት ሞርሞን የሚባል ነገር በጆሮው ገብቶ አያውቅም። አለማወቁ ግን ከማውራት አላገደውም። አንዱ «ክርስቶስን ይክዳሉ» አለ። ሌላው «አይክዱም፣ ግን በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ ሌላ መጽሐፍ ደርበዋል» አለ። ሦስተኛው ደግሞ አሜሪካ ውስጥ አንድ ጎረምሳ ወርቅ ቆፍሮ አወጣና በወርቁ ያቋቋመው ማኅበር ነው ብሎ ማለ። ሴቶቹ ሚስት በሚስት ላይ ያገባሉ የሚለውን ያዙ፤ የልብስ ሰፊውን ሚስት ባዩ ቁጥር ከንፈራቸውን ይመጥጡላታል።

ልብስ ሰፊው ጠላ አይጠጣም፣ ቡናም አይቀምስም። ለቅሶ ቤት ብርጭቆ ሲቀርብለት በእጁ መለስ ያደርገዋል። ይህ ራሱ በቂ ቅያሜ ነበር። ከዚህ የባሰው ግን ደብተሩ ነው። ከስፌቱ በተረፈው ሰዓት ሽማግሌና አሮጊት ዘንድ እየሄደ ይቀመጥና «የአያትዎ አባት ማን ይባሉ ነበር? እናታቸውስ? ሁለተኛ ሚስት ነበረቻቸው? ከየት አገር መጡ?» እያለ ይጠይቃል፤ የሚመልሱለትንም አንድ ሳያስቀር ይጽፋል። ያውም አባት ብቻ ሳይሆን እናት ይጠይቃል! የእኛ ሰው ዘር ሲቆጥር አባቱን፣ የአባቱን አባት፣ የአባቱን አያት እያለ ይወርዳል እንጂ እናቶቹን ማን አስታውሶ ያውቃል? እናም ሰፈሩ በዚህ ተገረመ፤ ከመገረምም ወደ ፍርሃት አለፈ። «የሞቱ ሰዎቻችንን ስም ለፈረንጅ ይሸጣል» ተባለ።

ይህን የመጨረሻውን ወሬ አፉን ሞልቶ ያሠራጨው የእድር ዳኛው ነው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ለሰፈሩ የሚቆረቆር መስሎት ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ሲሳሳት ማንም አይመልሰውም። አንድ እሑድ እድሩን ሰበሰበና የልብስ ሰፊው ስም ከመዝገብ ይሰረዝ አለ። ከእድር መሰረዝ ምን ማለት እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ቤትሽ ሰው ቢሞት ድንኳን የሚተክል፣ ሬሳ የሚሸከም የለም ማለት ነው። ልብስ ሰፊው ከኋላ ተነሥቶ «ጋሼ፣ አንዴ ልናገር» አለ።

«ሰምተናል!» አለው ዳኛው።

ከእሱ አፍ ግን አንዲትም ቃል አልሰማም ነበር። ልብስ ሰፊው ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ፤ ስሙም ተሰረዘ።

ዓመት አለፈና የዳኛው ልጅ ታጨች። ደስ የምትል፣ አንገቷን ቀና አድርጋ የምትሄድ ልጅ ናት፤ ለአባቷ ከዓይኑ ብሌን አታንስም። እጮኛዋ መምህር ነው፤ ጨዋ ቤተሰብ፤ ሁለቱም ወገን ተስማምቷል። ጌሾ ተወቅጧል፣ በሬው ታስሯል፣ የጥሪው ወረቀት ታድሏል። ሠርጉ ዐሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው የሙሽራው አጎት ከሩቅ አገር መጣ። ዘር በመቁጠር የታወቀ ሽማግሌ ነው። የዳኛው ቤት ሰዎች በእንግድነት ተቀብለው አስቀመጡት፤ ጨዋታ መሐል ሙሽሪትን ትውልዷን አስቆጠራትና ፊቱ ጠቆረ።

«ቅድመ አያትሽ እሸቱ የጓንጉል ልጅ ነው?»

«አዎ።»

«የኛም ልጅ ቅድመ አያት ዘርትሁን የጓንጉል ልጅ ናት። አራተኛ ቤት ላይ ትገናኛላችሁ!»

የነፍስ አባታቸው ተጠሩ። ቄሱ ሁለት ጊዜ በጣታቸው ቆጠሩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰባት ቤት ካልሞላ ተክሊል አልደፋላቸውም። ወንድምና እህት ናቸው» አሉ። የዳኛው ሰማይ ተደፋበት። የበሬው፣ የጌሾው ነገር አይደለም ያስጨነቀው። ልጁ ጓዳ ገብታ በሩን ዘግታለች፤ የምትበላው የለም፣ የምትናገረው የለም። ያ ሲታዘዙት የኖረ ሰው አሁን ማንን ይዘዝ? በሩ ላይ ቆሞ «ልጄ፣ ልጄ» ይላል።

በሦስተኛው ቀን በሩን ከፈተችለት። ዓይኗ አብጧል፣ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«አባዬ፣ በእጮኛዬ ቤተሰብ አንዲት አሮጊት ነበሩ፣ አምና ያረፉት። የዘርትሁን ምራት ናቸው። ከመሞታቸው በፊት ልብስ ሰፊው ሦስት ቀን ተቀምጦ ሲጽፍላቸው ነበር። እስቲ ደብተሩን ጠይቀው።»

«እኔ? እዚያ ቤት?»

«አንተ አፍረህ ካልሄድህ እኔ እሄዳለሁ።»

ሄደ። እግሩ ድንጋይ ተሸክሞ ሄደ። የልብስ ሰፊው ቤት ከእሱ ቤት የመቶ እርምጃ መንገድ ነው፤ ዓመት ሙሉ ግን አገር ያህል ርቆት ኖሯል። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን እየዘወረ ነበር፤ ዳኛውን ሲያይ ብድግ አለና ወንበር አቀረበለት። ዳኛው ስለ ደብተሩ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ነው። አንደበቱ ግን ዓመት ሙሉ ሲያወራው የኖረውን አወጣ።

«ስም ትሸጣለህ ይሉሃል።»

«ማን ነው የሚገዛኝ ጋሼ? ገዢ ቢገኝማ ይህን ጣራ አድሰው ነበር።»

«ታዲያ ለምንድን ነው የምትጽፈው?»

ልብስ ሰፊው መቀሱን አስቀመጠ። «ወንጌሉን በእኛ መንገድ ሳይሰሙ ለሞቱ ዘመዶቻችን በስማቸው እንጠመቅላቸዋለን። እነሱ እዚያ ሆነው ይቀበሉታል ወይም አይቀበሉትም፤ አናስገድዳቸውም። ለዚህ ነው ዘመዶቼን አንድ በአንድ የምፈልጋቸው።»

ዳኛው ከወንበሩ ሊነሣ ምንም አልቀረው። «ለአባቴ እንዳታደርግ! የእኔ አባት ተጠምቆ፣ ቆርቦ፣ ፍትሐት ተደርጎለት ነው የሄደው!»

«ለእርስዎ አባት አላደርግም። የምጠመቀው ለራሴ ወገን ብቻ ነው።»

«ሚስትስ? ሌላ ልታገባ ነው አሉ።»

ከጓዳ የሚስቱ ድምፅ መጣ። «እስቲ ያምጣትና ውሃውን እሷ ትቅዳልኝ!» አለች። ዳኛው ሳያስበው ሳቀ። ልብስ ሰፊው ግን አልሳቀም። «ድሮ ያገቡ ነበር፤ አልክድም። ከተዉት ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። ዛሬ ሁለት ያገባ ይባረራል» አለ። ዳኛው ስለ ወርቁም ጠየቀው። «መልአክ ለአንድ ወጣት የወርቅ ሰሌዳ አሳየው፣ እሱም በላዩ ያለውን ጽሑፍ ተረጎመው፣ ሰሌዳውንም መልአኩ መልሶ ወሰደው ብለን እናምናለን። ብዙ የተማረ ሰው ‹ልጁ ከራሱ አፍልቆ ነው የጻፈው› ይላል። ያንንም አንብቤዋለሁ። እኔ ጸልዬበት አመንኩ።»

«እኔ አላምነውም» አለ ዳኛው።

«አውቃለሁ ጋሼ።»

የሚገርመው ዳኛው አልተናደደም። ሰውየው የተናገረው ሁሉ ለእሱ ስሕተት ነበር፤ ነገር ግን እሱ ራሱ ዓመት ሙሉ ሲያወራው ከኖረው ውስጥ አንዱም አልነበረበትም። ይህን ሲያስተውል ፊቱ ጋለ። ያኔ ነው ስለ ልጁ የነገረው። ልብስ ሰፊው እስኪጨርስ አልጠበቀም፤ ሣጥኑን ከፍቶ ሦስተኛውን ደብተር አወጣና ገጹን በጣቱ አገኘው።

«ይኸው። ጓንጉል ሁለት ጊዜ አግብተዋል። እሸቱን የወለዱት ከመጀመሪያዋ ነው፤ እሷ ሞተች። ከዚያ ወንዝ ማዶ አንዲት መበለት አገቡ። መበለቷ ስትመጣ ሕፃን አዝላ ነበር። ሕፃኗ ዘርትሁን ናት። ጓንጉል እንደ ልጃቸው አሳደጓት፣ በስማቸውም ተጠራች። አባቷ ግን ወንዴ የሚባል ሰው ነው፤ የእኔ ወገን። የጻፍኳት ለዚህ ነው፤ የቅድመ አያቴ እህት ናት።»

ዳኛው ገጹን ሦስት ጊዜ አነበበው። በአባት በኩል ብቻ ቢቆጠር ዘርትሁን የጓንጉል ልጅ ናት፤ እናቲቱ ስትጻፍ ግን ደሙ ተለያየ።

«ለምን ቀደም ብለህ አልነገርከንም?» አለ፤ ቃሉ ከአፉ ወጥቶ ሳያበቃ ነውሩ ገባው። ማን ጠራውና? ማንስ አስቀመጠው?

ቄሱ ለደብተር ብቻ እጅ አልሰጡም፤ ያውም ለሞርሞን ደብተር። «ምስክር አምጡ» አሉ። ስለዚህ በማግሥቱ ቄሱ፣ ዳኛውና ዘር ቆጣሪው ሽማግሌ ወንዙን ተሻገሩ። እዚያ የልብስ ሰፊው የአባቱ ወንድም አለ፤ ሰማንያ ዓመት ያለፈው ገበሬ። የወንድሙ ልጅ ሃይማኖቱን ከለወጠ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ አላነጋገረውም፤ ለእሱ ብሎ የሚዋሽ ሰው እንዳልሆነ አገር ያውቃል። ስለ ደብተሩ አንዳች ሳይነግሩት ጠየቁት።

«ዘርትሁን?» አለ ገበሬው። «የአያቴ እህት ናታ! አባቷ ወንዴ በወረርሽኝ ሲሞት እናቷ አዝላት ወንዙን ተሻገረች። አያቴ እስኪሞት ‹እህቴን ውሃው ወሰዳት› እያለ ያለቅስ ነበር። ማን ስሟን ነገራችሁ?»

ነገሩት። ገበሬው የወንድሙን ልጅ ስም ሲሰማ መጀመሪያ ፊቱን አዞረ። ከዚያ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እኔ ረስቻት ነበር» አለ። «እሱ ፈለጋት።»

ቄሱ መስቀላቸውን አወጡ። «ልጆቹ ይጋቡ!» አሉ። ያ ሁሉን ያስጨነቀ ዘር ቆጣሪ እንደ ጎረምሳ ዘለለ። ዳኛው በስተርጅናው ወንዙን ጫማውን ሳያወልቅ ተሻገረ፤ ሰፈሩ ጫፍ ላይ ገና እንደደረሰ «ልጄ! እልል በይ! ዘመድ አይደላችሁም!» እያለ ይጮህ ጀመር። ልጅቷ በባዶ እግሯ ሮጣ ወጣች። ጎረቤቱ ምን እንደሆነ ሳያውቅ እልልታውን አቀለጠው፤ ኋላ ሲያውቅ ደግሞ ባሰበት። እንዲህ ያለ ደስታ በዚያ ሰፈር አልታየም።

የሠርጉ ዕለት ተክሊሉ ተደፋ፣ ዳሱ ሞላ። ልብስ ሰፊው ከነሚስቱ በሙሽራው ዘመዶች ወንበር ተቀምጧል፤ ዘመድ ነዋ! ወንዝ ማዶ ያለው ገበሬም አጠገቡ ነው፤ አንድ ጊዜ በክርኑ ይጎሽመዋል፣ አንድ ጊዜ ስለ ሃይማኖቱ ይቆጣዋል፣ ግን ከጎኑ አልተነሣም። ዳኛው በገዛ እጁ በብርሌ ብርዝ ይዞ መጣና ለልብስ ሰፊው ሰጠው። «ያልፈላ ነው፣ ጠጣ» አለው። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሮ እጁን አነሣ።

«ይህን ሰው ከእድር ያሰረዝኩት እኔ ነኝ» አለ። «ስም ይሸጣል ብያለሁ፤ ውሸት ነው። ሚስት ሊደርብ ነው ሲባል ሰምቼ ዝም ብያለሁ፤ ውሸት ነው። እምነቱን ጠየቅሁት፣ ነገረኝ፤ አልተቀበልኩትም፣ ይህንንም ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ። ልናገር ሲለኝ ግን ሰምተናል አልኩት። አልሰማሁም ነበር። ነገ ስሙን በእጄ መልሼ እጽፋለሁ፤ የሚቃወም አሁን ይናገር!»

የተናገረ የለም። እልልታው ግን ዳሱን አንቀጠቀጠው፤ የመጀመሪያዋን እልልታ ያሰማችውም ሙሽራዋ ናት።

መሪጌታ ልሳነወርቅ እዚህ ሲደርሱ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና ወለላን ትክ ብለው አዩዋት።

«አንቺ ማንን ልመን አልሽኝ። እኔ በአባቶቼ እምነት ኖሬያለሁ፣ በእሱም እሞታለሁ፤ ወንድምሽ በያዘው ትምህርት አልስማማም፣ ለምን እንደማልስማማም አንድ ቀን አስቀምጬ አስተምርሻለሁ። አንቺ ግን ስንት ሰው ጠየቅሽ? እኔን ጠየቅሽ፣ ጎረቤትሽን ጠየቅሽ፣ ስልክሽ ውስጥ የሚጮኹትን ሰማሽ። ወንድምሽን ጠየቅሽው?»

ወለላ አንገቷን ደፋች። «አልጠየቅሁትም።»

«ያ ዳኛ አንቺ ነሽ፣ ልጄ። ዳኛው ባያምንም ጠየቀና ልጁን ዳረ፤ ሃይማኖቱ አልተነካበትም፣ ክብሩም አልጎደለ። አንቺም በሩን ክፈቺለት። እህል አቅርቢለት፣ የማይጠጣውን አታቅርቢለት። ከዚያ ጠይቂው፤ ሲመልስም ‹ሰምቻለሁ› አትበዪው። ስትከራከሪው እሱ ባለው ተከራከሪው እንጂ ሰዎች ስለሱ ባሉት አይሁን። በዚያ ክርክር ብትረቺው ደስ ይለኛል። ባትረቺውም እንኳ ወንድምሽን ይዘሻል፤ እናትሽም ከጓዳ ሆና ሳቁን መስማቷ አይቀርም።»