የመርገጫው ገመድ

አንድ ሸማኔ ነበረ። ሚስቱ ሞተችበት። ከእሷ የቀሩት አንድ ወንድ ልጅና በእጇ የፈተለችው አንድ ቅርጫት ፈትል ነበሩ።

ጥያቄሽን አልረሳሁም፣ ልጄ። ኮሌጅ ሳለሽ ሰው እንዴት እንደሚያድግ፣ እንዴትም እንደሚማር ብዙ ንድፈ ሐሳብ አጥንተሻል። አሁን ክፍል ስትገቢ የምታገኚው ጠመኔና ልጆች ብቻ ነው። ያ ሁሉ ትምህርት ምን ይሠራልኛል ነው ያልሽው። ሸማኔውን ስሚና ራስሽ ፍረጂ።

ልጁ ከእናቱ ቀብር ወዲህ እምብዛም አይናገርም። አንድ ቀን ቅርጫቱን አቅፎ መጣና ይህን እኔ ልሥራው አለ። አባትየው በሌላ ፈትል ተለማመድ ቢለው እምቢ አለ። ድምፁን ከሰማ ስለቆየ አልተከራከረውም። ድሩን በገበያ ክር ዘረጋለት፤ ማጉ የእናትየው ሆነ። አንድ ጋቢ ይወጣዋል፤ ሲያድግ እናቱን ይለብሳታል ብሎ አሰበ።

ልጁ ሸማኔዎች እንደሚቀመጡት እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አድርጎ ተቀመጠ። መርገጫው እዚያ ታች በገመድ ተንጠልጥሏል። ሲረገጥ ድሩ አፉን ይከፍታል፤ ማጉን የያዘው መወርወሪያ በዚያ ያልፋል። ለልጁ ግን ድሩ በደንብ አልከፈት አለ። መወርወሪያው እየተሰነቀረ የእናቱን ፈትል በጠሰው። አጥብቀህ ርገጥ አለው አባትየው። ረግጫለሁ አለ ልጁ። እኔ በአንተ ዕድሜ እዚሁ ተቀምጬ ነጠላ እሠራ ነበር አለው። ልጁ መልሶ ረገጠ። ፈትሉ እንደገና ተበጠሰ።

ጎረቤቱ አሮጌ ሸማኔ ነው። «ልጅ ወይፈን ነው፤ ጅራፍ ሳይቀምስ አይቀናም» አለው። አባትየው አርጩሜ አነሳ። ልጁ አለቀሰ፤ ድሩ ግን አልከፈተም። የሚስቱ እህት መጥታ ይህን አየችና ተቆጣች። «ልጅ ችግኝ ነው፤ ዞር በልለት፣ በጊዜው ያድጋል» አለችው። ዞር አለለት። ልጁ ቅርጫቱን እንዳቀፈ በር ላይ ሲቀመጥ ይውል ጀመር። ያችው ጥቂት ንግግሩም ጠፋች።

አባትየው ጨነቀው። ልጁ እጅ የለውም፣ ልብም የለውም፤ ከተማ አጎቱ ሱቅ ይላክ ብሎ ቆረጠ። ቤቱ ባዶ ሊቀር ነው፤ ቢሆንም ቆረጠ። ልጁ ስንቁ ተቋጥሮ ሳለ አንዴ ብቻ ልሞክር አለ። ተቀመጠ። መወርወሪያው እንደ ልማዱ ተሰነቀረና አምልጦ ጉድጓዱ ውስጥ ወደቀ።

አባትየው ሊያነሳው በሆዱ ተኛና እጁን ወደ ታች ሰደደ። መወርወሪያውን ሲፈልግ የልጁን እግር ነካ። የአውራ ጣቱ ጫፍ ብቻ ነበር መርገጫው ላይ የደረሰው። ይንቀጠቀጣል። ልጁ በቁመት የወጣው በእናቱ ነው፤ እሷም አጭር ነበረች፤ ባሏን ከመደርደሪያ ላይ ዕቃ አውርድልኝ ትለው ነበር።

ሸማኔው እግሩን በመዳፉ እንደያዘ ጠየቀው።

«ለምን አልነገርኸኝም?»

«በእኔ ዕድሜ እዚሁ ትሠራ ነበር አልኸኛ፤ ለአንተ ይደርስልህ ነበር።»

ያን ገመድ ያሰሩት የሸማኔው አባት ናቸው። ሸማኔው ገና በልጅነቱ ረጅም ስለነበረ ይደርስለት ነበር፤ ከአባቱ ወዲህ ማንም አልነካውም፤ ሊነካ እንደሚችልም ያሰበ የለም። ሸማኔው ፈታው፤ አሳጥሮም አሰረው፤ መርገጫው ከፍ አለ። ልጁ ረገጠ። ድሩ አፉን ከፈተ።

አሮጌው ጎረቤት በበር ሲያልፍ አየና «ምነው፣ ዶሮ ልታሸምን ነው?» ብሎ ሳቀበት። ሸማኔው ይሳቅብኝ ብሎ ተወው። ጠዋት ለልጁ ያሳጥራል፤ ከሰዓት ለራሱ ያስረዝማል። ሥራው ዘገየ። የልጁ እግር በረዘመ ቁጥር ገመዱን ለቀቅ ያደርግለት ነበር፤ እንዳጠረ ቢተወው ኖሮ ደግሞ ጉልበቱ ታጥፎ ይቀር ነበር። ጋቢው በአንድ ጫፉ ወጣ ገባ የበዛበት ነው። ልጁ ለብሶት ኖሯል።

እንግዲህ ልጄ፣ ሸማኔው «ንድፈ ሐሳብ» የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም። ግን ነበረው። የአንድ ዕድሜ ልጆች ሁሉ አንድ ልክ ናቸው ብሎ ያምን ነበር፤ እምነቱም ገመዱ ላይ ታስሮ ቆየ። ወይፈን ነው ያለው ጅራፍ አዘዘ፤ ችግኝ ነው ያለችው ዞር በል አለች። ሁሉም ልጁን ይወዱታል። እጃቸው ግን የሄደው ሐሳባቸው በመራው ነው፤ ማንም ጉድጓዱን አላየም። አንቺም ከኋላ የምትቀመጠዋ ልጅ ሰነፍ ናት ብለሽኛል። እሱም ንድፈ ሐሳብ ነው፤ ከየት እንዳመጣሽው ግን አልጠየቅሽም። ኮሌጅ የተማርሽው ገመድ እንደሚፈታ ይነግርሻል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ሸማኔው ያን የሚነግረው አጥቶ ልጁን ሊሰድ ነበር። በስንት እንደሚያጥር ግን መጽሐፉ አያውቅም። እሱን የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ ጎንበስ ብለሽ።

ለመሆኑ ልጅቷ ስሟ ማን ነው?