ከዳሁሽ የተባለው ጉድጓድ

ከወይራ ሜዳ ገበያ በታች፣ ቁልቁለቱ ወንዙን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው፣ ሸክላ ሠሪዎች ቀይ አፈር የሚምሱበት ሰፊ ጉድጓድ አለ፤ ስሙ ከዳሁሽ ነው። እንግዳ ሰው ስሙን ሲሰማ ይገረማል፤ የአገሩ ሽማግሌዎች ግን ታሪኩን እንዲህ ያወጉታል።

በቀድሞ ዘመን በዚያ ሰፈር ደብሪቱና እንጉዳይ የሚባሉ፣ እናታቸው በልጅነታቸው የሞተችባቸው ሁለት እህትማማች ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ ይባላል። ታላቂቱ ደብሪቱ እጇ ፈጣን፣ አንደበቷም የተባ ነበር፤ ታናሺቱ እንጉዳይ ደግሞ ዝምተኛ ነበረች፤ ሰው ዕቃውን እንዴት እንደሚያነሣና እንደሚያወርድ ቆማ ማየት ትወድ ነበር። ያኔ እንስራ ሁሉ ድቡልቡል ስለነበረ ዳገት የሚወጡትን ሴቶች አከርካሪያቸውን ይልጣቸው ነበር። እንጉዳይ አንዲት ነፍሰ ጡር ጎረቤቷ ጀርባዋ ቆስሎ ስታለቅስ ካየች ወዲህ ነገሩ ከልቧ አልወጣ አላት።

«እስቲ እትዬ፣ ጎንበስ በይልኝ» አለቻት ደብሪቱን፤ እርጥብ ጭቃም ጀርባዋ ላይ ለጥፋ ልኩን ወሰደች።

«ቀዘቀዘኝ እኮ! ምን ልታደርጊው ነው?» እያለች ደብሪቱ ሳቀች።

በዚያ ልክም አንድ ጎኑ ለጥ ያለ፣ ጀርባ ላይ የማይንከባለል እንስራ ወጣ። ሴቶቹ ምንጭ ላይ «የኔ ነው፣ የኔ ነው» እያሉ ይጣሉ ስለነበርም፣ እንጉዳይ ለየቤቱ በእንስራው ትከሻ ላይ ምልክት ጫረችላቸው፤ ለአንዷ የዶሮ እግር፣ ለሌላዋ ማበጠሪያ፣ ለነፍሰ ጡሯ የስንዴ ዛላ።

ወሬው ከአገሩ ገዥ ባለቤት ጆሮ ደረሰና ሠሪዋ ትቅረብ ተባለ። እንጉዳይን ያን ሰሞን ወባ ጥሏት ነበር። «አንቺ ሂጂልኝ፤ አንቺ ሄድሽ እኔ ሄድኩ ያው ነው» ብላ ከሁሉ ያማረውን እንስራ ለእህቷ አሸከመቻት። እንደሚነገረው፣ እመቤቲቱ ዕቃውን አገላብጣ አይታ «ይህን ያሰበው ማነው?» ስትል፣ ደብሪቱ «እኔ ነኝ» አለች። ለሸክላ ሠሪ መሬት በማይሰጥበት በዚያ ዘመን፣ ገዥው ጉድጓዱን ከነዙሪያው ለእሷና ለልጆቿ ርስት አደረገላት።

እንጉዳይ ከሕመሟ ተነሥታ አፈር ልትምስ ብትወርድ «ያለ ደብሪቱ ፈቃድ አይማስም» ተባለች። እሷም እህቷን ከሳ ሽማግሌ ፊት አቆመቻት። ደብሪቱም ዓይኗን ከእህቷ አሽሽታ «ቅርጹ የወጣው ከኔ ጀርባ ነው፤ ካበልኩ አፈሩ ይጥላኝ» ብላ ማለች። ቃሉ ግማሹ እውነት ነበርና መሐላው ጸና።

እንጉዳይ አልተሟገተችም። «እውነትሽን ነው እትዬ፤ ያኔም ዛሬም የሰጠሽኝ ጀርባሽን ነው» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ወንዙን ተሻገረች።

ደብሪቱ ከበረች። የእህቷን እንስራ ሳታዛንፍ እየሠራች ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ግን ዘርፌ የምትባል አንድ እጇ የሰለለ ባልቴት መጥታ «እንስራውን ያሰብሽው አንቺ አይደለሽ? ለኔም ባንድ እጅ የማነሣው ማሰሮ አስቢልኝ» ብላ ለመነቻት። ደብሪቱ ሠርታ አፈረሰች፣ ደግማ ሠርታ አፈረሰች። በሳምንቱ ጭቃውን ጥላ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመችና፣ አፈር የሚምሱት ሴቶች ሁሉ እየሰሟት፣ ወደ ወንዙ ማዶ «እንጉዳይ! ከዳሁሽ! እህቴ፣ ከዳሁሽ!» እያለች ጮኸች።

ሽማግሌዎች ወንዙን ተሻግረው እንጉዳይን ለዕርቅ ለመኗት። ሁሉን ሰምታ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው ይባላል።

«የሰለለው የትኛው እጇ ነው?»

«ግራው» አሏት።

ብዙም ሳይቆይ ጆሮው ክንድ የሚያስገባ፣ አፉ ወደ ጎን ያዘነበለ ማሰሮ ለዘርፌ መጣላት። ደብሪቱ ማሰሮውን ያመጡትን ሽማግሌ እጅ ይዛ «ለኔስ? ለኔስ ምን አለች?» ብትል፣ «ስምሽን አላነሣችም ልጄ» አሏት።

ደብሪቱ ከመሞቷ በፊት ርስቱን ለሰፈሩ ሸክላ ሠሪዎች ሁሉ ለቀቀች ይላሉ። እስከ ዛሬ በወይራ ሜዳ ገበያ ሸማች ዋጋ ከመጠየቁ በፊት «የማን ሐሳብ ነው?» ይላል፤ ሻጯም ያስተማረቻትን ሴት ስም ሳትጠራ ዕቃዋን አትሸጥም። የደብሪቱ ዘሮችም የእንጉዳይን ስም ጮክ ብለው ይጠራሉ። ከወንዙ ማዶ ያሉት የእንጉዳይ ዘሮች ግን ከከዳሁሽ አፈር አይወስዱም፤ የግማሽ ቀን መንገድ ተጉዘው ጥቁር አፈር ተሸክመው ይመለሳሉ። ምክንያቱን የጠየቃቸው ሰው የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፦

«አያታችን አልተመለሰችም።»