«ቁም» ሲባል የሚቆመው ውርንጭላ

አንድ ጊዜ በአንድ ወንዝ ዳር አያ ጫኔ የሚባል አህያ ልጁን ይዞ ይኖር ነበር። ሚስቱ ሞታበታለችና ያለችው አንዲት ተስፋ በስተርጅና ያገኘው ውርንጭላ፣ ዘለቀ ነበር። ይወደው ስለነበር ቶሎ ቁም ነገረኛ ሊያደርገው ተጣደፈ፤ ያሳደገውም እንደ ልጅ ሳይሆን እንደ ሽማግሌ ነው። ገና ጀርባው ሳይጠና ጭነት አስለመደው። «ቁም!» ሲለው ዘለቀ ጆሮውን ጥሎ ቀጥ ይላል፤ ጭነቱ እስኪጫንበት ድረስ ንቅንቅ የለም።

በወንዙ ዳር ባለው መስክ ግን አመሻሹ ላይ ሌላ ትምህርት ነበር። እትዬ ቡሌ የምትባል አሮጊት አህያ ደረቅ ሣር ለብሳ ጅብ ትሆናለች፤ ውርንጭሎቹም ከእናት ከአባታቸው ጋር ሆነው ይሸሿታል። «ቁም!» ብላ ስትጮህ የቆመ «ተበላ!» ተብሎ ይሳቅበታል። ያልቆመው እየተጠማዘዘ ሸንበቆው ውስጥ ይገባል።

«አያ ጫኔ፣ ዘለቀን ስደደው እንጂ» አለችው አንድ ቀን። «አንተም ና፣ እግርህ ይፍታታ።»

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም!» አለ አያ ጫኔ። «እርስዎስ በዚህ ዕድሜዎ ሣር ለብሰው ሲዘሉ አያፍሩም? የኔ ልጅ ሥራ ነው የሚማረው።»

«አባዬ፣ አንዴ ብቻ» አለ ዘለቀ።

«ቁም!»

ዘለቀ ቆመ። አያ ጫኔም «አያችሁ?» እያለ ጎረቤቱን ዞር ዞር ብሎ ተመለከተ። ምስኪን! በኋላ የሚያለቅስበትን ነገር ያን ዕለት ኮራበት።

ይህን ሁሉ ቀበሮ ጉብታው ላይ ተኝታ ታይ ነበር። ተነስታ ወደ ጅብ ሄደች።

«አያ ጅቦ፣ ዛሬስ ምን በላህ?»

«ምን እበላለሁ! እነዚያ ውርንጭሎች ያዝኳቸው ስል ይታጠፉብኛል። ጉልበቴ አለቀ።»

«ማን ሩጥ አለህ? ‹ቁም› በል፤ የሚቆም አለልህ። ኩላሊቱ ግን የኔ ነው።»

ጅብ ቃሉ እንዳይጠፋበት «ቁም፣ ቁም» እያለ ቁልቁለቱን ወረደ። ችግሩ፣ ቃሉን ባለ ቁጥር ራሱ ይቆማል። እንዲህ እየቆመ እየሄደ መስኩ ጋ ሲደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። አያ ጫኔና ዘለቀም ጭነት አድርሰው በመስኩ ጥግ እየተመለሱ ነበር።

«ቁም!» ሲል ጅብ ጮኸ።

ውርንጭሎቹ የእትዬ ቡሌ ጨዋታ መስሏቸው እየሳቁ ተበተኑ። እውነተኛው ጅብ መሆኑን ያወቁት ሸንበቆው ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው። እትዬ ቡሌም ሣሯን ጥላ ተከተለቻቸው። ዘለቀ ግን ጆሮውን ጥሎ ቀጥ አለ።

«ሩጥ!» አለ አያ ጫኔ፣ እየሸሸ ዞር ብሎ። «ልጄ፣ ሩጥ!»

ዘለቀ ይህን ቃል ከአባቱ አፍ ሰምቶት አያውቅም። ግራ ገባው።

«አባዬ፣ ምኑን ልሸከም?» ብሎ ጠየቀ።

ጅብ ጀርባው ላይ ወጣበት። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ አባትም አላስጣለም። ኩላሊቱ ለቀበሮ ደረሳት።

ከዚያ ወዲህ አያ ጫኔ ሲመሽ ወደ መስኩ እየመጣ «እኔንም አጫውቱኝ» ይላል። እትዬ ቡሌም እንቢ ማለት አልሆነላትም። «ቁም!» ስትል ውርንጭሎቹ በሙሉ ይበተናሉ፤ እሱ ብቻ ጆሮውን ጥሎ ይቆማል።

«አያ ጫኔ ተበሉ!» እያሉ ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ።

«አዎ፣ ተበላሁ» ይላቸዋል።

ከዚህ የምንማረው፣ ልጁን ከጨዋታ ነጥሎ ለሥራና ለትእዛዝ ብቻ ያሳደገ ወላጅ፣ ልጁ እየሳቀ ሊማረው ይችል የነበረውን ነገር ራሱ እያለቀሰ እንደሚማረው ነው።