የታሰረው ዳይስ

አንዲት ሴት ነበረች፤ ናርዶስ ትባላለች። እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ ከሦስት ሰዎች ጋር ጠረጴዛ ከብባ የምትጫወተው ጨዋታ ነበራት። ጨዋታው ከባድ አይደለም። መሪው ጋሽ ወንድይራድ ተረት ይጀምራሉ፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው በተረቱ ውስጥ አንድ ሰው ይሆናሉ። ያ ሰው ምን እንደሚናገር፣ ወዴት እንደሚሄድ ራሳቸው ይወስናሉ። አደጋ ሲመጣ ግን ወሳኙ ዳይስ ነው። በየፊቱ ቁጥር የተጻፈበት ባለ ሃያ ፊት ዳይስ ይወረወራል፤ ትልቅ ቁጥር ከወጣ ሰውየው ይተርፋል፣ ትንሽ ከወጣ ይጎዳል፣ አንድ ከወጣ አለቀለት። እዚያ ተረት ውስጥ የሞተ ሰው ተመልሶ አይመጣም።

ናርዶስ የምትቀመጥበት ወንበር የወንድሟ የሲራክ ነበር። ሲራክ በጨዋታው ውስጥ ባለፋኖስ የሚባል ሰው ነበረው፤ መንገደኞችን በጨለማ የሚመራ፣ አፉ የማያርፍ፣ ሲፈራ የሚስቅ ሰው። ቁርጥ ራሱን ማለት ነው። ሲራክ ታሞ ሲሞት ናርዶስ ቀብሩ ላይ አንዲት እንባ አልወጣትም፤ ዘመድ አዝማዱ ጉድ አለ። እሷ ግን ብዙም ሳትቆይ መጥታ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለችና ባለፋኖስን ከዛሬ ጀምሮ የምጫወተው እኔ ነኝ አለች። ማን እምቢ ይላታል? ስትጫወት የወንድሟን አነጋገር፣ ቀልዱን፣ ሳቁን ሳይቀር ታመጣዋለች። ባለፋኖስ እስካለ ድረስ ሲራክም በግማሽ አለ፤ ለእሷ ነገሩ እንዲያ ነበር።

መጀመሪያ የወረወረችው የሲራክን የራሱን ዳይስ ነው፤ ጥግ ጥጉ የተፋፋቀ ጥቁር ዳይስ። ሁለት ወጣ። ባለፋኖስ ተንሸራቶ ክንዱ ተሰበረ። ናርዶስ ፊቷ አመድ መሰለ። ዳይሱን አነሳችና ጠረጴዛው አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ በነበረ ባዶ የወተት ጣሳ ውስጥ ጨመረችው፤ ክዳኑን ገጥማ ይታሰር አለች። ሁሉም ሳቁ። ዳይስ ሲከፋበት የሚቆጣ ተጫዋች መቼም አይጠፋም። የእሷ ግን ቀልድ አልነበረም። ሌላ ዳይስ ይዛ መጣች፤ እሱም የከዳት ቀን ታሰረ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ጣሳው እየከበደ ሄደ።

አንድ እሑድ ተረቱ ዋሻ ውስጥ ገባ። አብረዋት የሚጫወቱት የደባልቄና የሚስቱ የአሰለፈች ሰዎች ገደል ላይ የተዘረጋ ድልድይ ቀድመው ተሻገሩ፤ ወዲያው ድልድዩ ከኋላቸው ተናደ። ባለፋኖስ ከነብርሃኑ ወዲህ ማዶ ቀረ። ያለ እሱ መውጫውን አያገኙትም፤ ስለዚህ ገደሉን መዝለል አለበት፣ ለመዝለል ደግሞ ዳይስ መወርወር አለበት። ናርዶስ ዳይሱን ጨብጣ ቆየችና መልሳ አስቀመጠችው። ባለፋኖስ እዚሁ ይቀመጣል አለች። ሕጉ አይከለክላትም፤ ካልተንቀሳቀሰ ዳይስ አያስፈልገውም።

በሚቀጥለው እሑድም ተቀመጠ። ከዚያ በኋላም እንዲሁ። የእነደባልቄ ሰዎች በጨለማ ግድግዳ እየዳበሱ ይዞራሉ፣ እሱ ፋኖሱን አቅፎ ገደሉ አፍ ላይ ተቀምጧል። ነገሩ መልኩን እየለወጠ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ጋሽ ወንድይራድ እየተረኩ ሳለ፣ ባለፋኖስ ተቀምጧል፣ አይናገርም፣ አሁን የተቀመጠው ማን እንደሆነም አይታወቅም አሉና ድንገት ቆሙ። ይህን ልበል ብዬ አልነበረም፣ ከአፌ አመለጠኝ ብለው ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። አሰለፈች ደግሞ ሰሞኑን ቤቷ ገብታ መብራት ብታበራም ክፍሉ እንደማይበራላት ተናገረች። ደባልቄ ሊስቅባት ፈለገ፤ አልቻለም፣ እሱም እንደዚያው ሆኗል።

ናርዶስ ሊያስቋቸው አሰበች። ሲራክ ሲፈራ የሚስቀውን ሳቅ ልታመጣው አፏን ከፈተች። አልመጣም። ደግማ ሞከረች፣ የሌላ ሰው ሳቅ ወጣ። ሳቁ እንዴት እንደነበር ጠፍቷት ነበር። ያን ጊዜ ነው ከልቧ የደነገጠችው።

ቀኑ ጠራራ ፀሐይ ነው፤ መስኮቱም ወለል ብሎ ተከፍቷል። መደርደሪያው አጠገብ ማንም የለም። ጣሳው ከሽ አለ። ከሽ፣ ከሽ፤ ከዚያ ዝም። ቆየት ብሎ እንደገና ከሽ፣ ከሽ፣ ከሽ፤ ዝም። አራቱም ያውቁታል። ሲራክ ዳይሱን በመዳፉ ሦስቴ ሳያንቀጫቅጭና እፍ ሳይልበት ወርውሮ አያውቅም። ያ ዝምታ እፍ የሚልበት ነው።

«ጋሼ፣ ብወረውረው ይሞትብኛል» አለች ናርዶስ።

«ሊሞት ይችላል ልጄ፤ አልዋሽሽም። ግን እስቲ ንገሪኝ፣ እዚያ የተቀመጠው ሰውዬ ሲራክ ነው?»

 ሲራክ እንኳን ሰው በጨለማ ትቶ ሊቀመጥ፣ ለአንድ ደቂቃ ዝም ማለት የማይችል ልጅ ነበር። ተነስታ ጣሳውን ከፈተችው። ጥቁሩ ዳይስ መጀመሪያ የታሰረ ስለሆነ ከሥር መገኘት ነበረበት፤ ከሁሉም በላይ ተቀምጧል። ሌሎቹ ቀዝቃዛ ናቸው። እሱ ግን አሁን ከሰው መዳፍ እንደወጣ ይሞቃል።

ሦስቴ አንቀጫቀጨችው፣ እፍ አለችበት፣ ወረወረችው። ተንከባሎ ተንከባሎ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቆመ። አንድ።

 ጋሽ ወንድይራድ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዘለለ፤ አልደረሰም። መሞቱ የዳይሱ ነው፣ አሟሟቱ ግን ያንቺ ነው። ባለፋኖስ ምን ያደርጋል?» አሏት።

«ሳይወድቅ በፊት ፋኖሱን ወዲያ ማዶ ይወረውርላቸዋል» አለች። «ከዚያ… ይስቃል።»

ሳቀችም። የሲራክ ሳቅ ራሱ ነበር፣ አንድም ነገር ያልጎደለው። ሳቁ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ተለወጠና ቀብሩ ላይ ያላለቀሰችውን ሁሉ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። አሰለፈች ቀስ ብላ እጇን ናርዶስ ትከሻ ላይ አደረገችና ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች። ብርሃኑ ተመልሶላታል። ጣሳውም ከዚያ ወዲያ ድምፅ አላሰማም።

የቀሩትን ዳይሶች ጠረጴዛው ላይ ዘረገፏቸው። አንዱ ትልቅ ቁጥር አወጣ፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ መካከለኛ፤ ማንኛውም ዳይስ እንደሚወድቀው ነበር የወደቁት። ዳይስ ቂም የለውም፤ ማንን እንደጎዳም አያስታውስም። እኛ ነን ወንጀለኛ አድርገን የምናስረው።

ናርዶስ ወንድሟን ላለማጣት ብላ ባለፋኖስን ከአደጋ ሁሉ አራቀችው፤ በዚያው ሳቁን ልታጣው ነበር። የምንወደውን ነገር ዳይስ እንዳይነካው ብለን ስናስቀምጠው፣ የሚቀመጠው ነገር ቀስ በቀስ ሌላ ይሆናል። ስንወረውረው ልናጣው እንችላለን፤ ይህን ማንም አይክደውም። ግን ያጣነው እሱን ራሱን ይሆናል፤ አልቅሰን እንሸኘዋለን።

እናንተስ፣ ፈርታችሁ ክዳን የገጠማችሁበት ጣሳ መደርደሪያችሁ ላይ የለም? ካለ፣ እስቲ ቤቱ ጸጥ ሲል ጆሯችሁን ጣል አድርጉበት።