የሚያበራው ደንገል

አንድ የረግረግ ውሃ ተመልካች ነበር። ሥራው በራዳር የሚያይ ሳተላይት ከሰማይ የሚልከውን ምስል እያነበበ፣ የትኛው ረግረግ እንደሞላ፣ የትኛው እንደጎደለ መናገር ነው። አዲስ ሠራተኛ በመጣለት ቁጥር አንድ ነገር ያስጠነቅቃል። «ገላጣ ውሃ በምስሉ ላይ ጥቁር ነው። ደንገል ከቆመበት ሥር ውሃ ሲሞላ ግን ቦታው ያበራል፤ የራዳሩ ሞገድ ከውሃው ነጥሮ፣ የደንገሉን አገዳ መትቶ ይመለሳልና። የሚያበራውን ደረቅ ነው ያለ፣ ሰው ያስፈጃል።»

በክረምት መውጫ የረግረጉ ዳር አርቢዎች መንጋቸውን ወደ ለምለሙ ሣር ከማስገባታቸው በፊት ይደውሉለታል። ድሮ አንድ ወይፈን አስቀድመው ይነዱ ነበር፤ እሱ ከሰጠመ ሌላው ይመለሳል። ራዳሩ ከመጣ ወዲህ ወይፈን መገበር ቀርቷል።

ከተመልካቹ ጎን ይሁኔ የሚባል ባልደረባው ይቀመጣል። ይሁኔ በሰኔ ሕፃን ሴት ልጁን ቀብሯል። ተመልካቹም ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ አስተዛዝኗል። ድንኳኑ ሲነሳ ይሁኔ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ያውም ከበፊቱ ይልቅ ተጫዋች ሆኖ። «ጋሼ፣ ኮፍያ አድርግ እንጂ! ሳተላይቷ ራሰ በራህን ኩሬ ብላ እንዳትመዘግበው!» ይላል። ቢሮው ይስቃል። ተመልካቹም በልቡ «ተመስገን፣ ተጽናንቷል» አለና ተወው።

መስከረም ላይ ከአርቢዎቹ መካከል አያ ጥጋቡ የተባሉ አዛውንት ደወሉ። ስልኩን ያነሳው ይሁኔ ነበር።

«እህ ልጄ፣ እንግባ ወይስ እንቅር?»

«ቦግ ብሎ በርቷል አያ፤ ደረቅ ነው። ግቡ!»

ተመልካቹ ደንግጦ ምስሉን አየ። የደንገሉ ዳር ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ ሆኖ ያበራል። ስልኩን ነጠቀው።

«አያ ጥጋቡ፣ መልሱ! ከሥሩ ሞልቷል! መልሱ!»

ጩኸትና ፉጨት ተሰማ። ቆይቶ የሽማግሌው ድምፅ እየተቆራረጠ መጣ። «መሪዋ ላም እስከ ሆዷ ሰጥማ በገመድ ጎትተን አወጣናት። ልጆቼ እኮ ከኋላዋ ነበሩ! ምነው ጌታው፣ ልትጨርሱን ነው?»

ተመልካቹ ይቅርታ ጠይቆ ስልኩን ዘጋና ወደ ይሁኔ ዞረ።

«ይህን ከእኔ ጋር ለአዲሶቹ የምታስተምር አንተ አይደለህም? የሚያበራውን እንዴት ደረቅ ትላለህ?»

ይሁኔ አልሳቀም። «ዓይኔ ያያል ጋሼ። ልቤ ግን ከቀበርኳት ጀምሮ እዚህ የለም።»

«ስትስቅ አይደል እንዴ የምትውለው?»

«ጥርስ ባዳ ነው። እሱን አይተህ ነው የተውከኝ?»

 ተመልካቹም እንደ ይሁኔ የሚያበራውን ደረቅ ብሎ አንብቧል፤ ያውም ሦስት ወር ሙሉ፣ አጠገቡ ተቀምጦ። ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተጠጋው።

«ማን ነበር ስሟ?» አለው።

ይሁኔ ነገረው። ከዚያም አለቀሰ።

ከላይ የሚያበራ ሁሉ ከሥሩ ደረቅ አይደለም። ኀዘን ድንኳን ሲነሳ አያበቃም፤ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲሄድ ነው ሥር ሥሩን የሚሞላው። የሳቀውን ተጽናንቷል ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ጠጋ ብሎ ለመጠየቅ ግን ሳተላይት አያስፈልግም። እርስዎስ፣ ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ የማንን ደጅ ተመልሰው አንኳኩተዋል?