የጳጉሜ ስድስቱ ቋጠሮ

ተረት ልፍታላችሁ? «ፍታ» ካላችሁኝ ጆሮ ስጡኝ። ይህ ተረት እየሄደ የሚረዝም፣ ያለፈውን እየጎተተ የሚመጣ ነው፤ መደጋገም የሚሰለቸው ካለ ከአሁኑ ይነሳ፣ አልቀየምም።

በአንዲት ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከጎማ ጠጋኞቹ አጠገብ አንዲት የድምፅ መዝገብ ቤት ነበረች። የአገሩ ሰው ዘፈኑን፣ ፉከራውን፣ የአያቶቹን ወግ እየመጣ ያስቀዳባታል። የተቀዳው ሁሉ «ስልቻ» በሚባል ፕሮግራም ታስሮ ይቀመጣል። ስልቻ ሥዕል የለው፣ የሚጫኑት ምልክት የለው፤ ጥቁር መስኮት ላይ በቃል ጽፈው ነው የሚያዙት። «ቋጥር» ሲሉት ብዙውን ፋይል አንድ ቋጠሮ አድርጎ ያስራል፤ «ፍታ» ሲሉት ይፈታል። ይህን ፕሮግራም የምትጠብቀው ፀዳለ ናት፤ እዚያ ቤት ስትሠራ ሦስተኛ ዓመቷ ነው።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ወይዘሮ ይታይሽ መጡ። ባላቸው መምህር አያልነህ ሕመም ጠንቶባቸው በነበረ ጊዜ እዚሁ ቤት ገብተው፣ ገና የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ለነበረችው ልጃቸው ለረድኤት የሠርግ ምርቃት አስቀድተው ነበር። ከዚያ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ።

«ለአዲሱ ዓመት መድረሴን አላውቅም ብሎ፣ በአሮጌው ዓመት መጨረሻ ቀን ነው የመጣው» አሉ ወይዘሮ ይታይሽ። «አሁን ልጅቷ ደረሰች። ሠርጉ የፊታችን እሑድ ነው። ሌላ ነገር አልፈልግም ልጄ፤ የአባቷን ድምፅ ብቻ ስጪኝ።»

«ይኼማ ቀላል ነው እትዬ» አለች ፀዳለ። «ነገ ይምጡና ይውሰዱ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እንዲህ ስትል ገና ቋጠሮውን አላየችውም ነበር። ፈልጋ አገኘችው። በላዩ ላይ «ጳጉሜ 6፣ 2011» ይላል። ደስ ብሏት ልታሰማው ብትሞክር ድምፁን አልሰጥም አላት፤ ጥቁሩ መስኮት ላይ ጻፈች።

«ፍታ ሆይ፣ ቋጠሮውን ፍታልኝ፤ ቋጠሮው ድምፁን አልሰጥም ብሏል፤ ረድኤት ያለ አባቷ ምርቃት ልትዳር ነው።»

«አልፈታም» አለ ፍታ። «ማኅተሙ ሳይፈቅድ እኔ ምን ቤት ነኝ?»

ማኅተሙ የቋጠሮ ዘበኛ ነው። የታሰረው ነገር ሳይነካ መቆየቱን፣ የታሰረበትም ቀን ትክክለኛ መሆኑን አይቶ ነው የሚያሳልፈው። ፀዳለ ወደ እሱ ሄደች።

«ማኅተም ሆይ፣ ለፍታ ፍቀድለት፤ ፍታ ቋጠሮውን አልፈታም ብሏል፤ ቋጠሮው ድምፁን አልሰጥም ብሏል፤ ረድኤት ያለ አባቷ ምርቃት ልትዳር ነው።»

«አልፈቅድም» አለ ማኅተሙ። «ቀን ቆጣሪው ይመስክርና እፈቅዳለሁ።»

ቀን ቆጣሪውስ በየት በኩል ይቀረባል? ቁጥር ብቻ የሚያውቅ፣ ወሬ የማይወድ፣ ግትር ነገር ነው። ፀዳለ ለስለስ ብላ ቀረበችው።

«ቀን ቆጣሪ ሆይ፣ ለማኅተሙ መስክርለት፤ ማኅተሙ ለፍታ አልፈቅድም ብሏል፤ ፍታ ቋጠሮውን አልፈታም ብሏል፤ ቋጠሮው ድምፁን አልሰጥም ብሏል፤ ረድኤት ያለ አባቷ ምርቃት ልትዳር ነው።»

«ጳጉሜ ስድስት?» አለ ቀን ቆጣሪው። «ጳጉሜ አምስት ቀን ናት። ከዚያ በኋላ መስከረም አንድ ነው። በሌለ ቀን ለታሰረ ቋጠሮ አልመሰክርም።»

ጉዱ ይኸው ነው። በየአራት ዓመቱ ጳጉሜ ስድስት እንደምትሆን ፊደል ያልቆጠረም ያውቃል። ቀን ቆጣሪው ግን የተጻፈው ጳጉሜ አምስት በሆነችበት ዓመት ነው፤ የተሞከረውም በዚያው ዓመት ነው፤ በዚያው ቀረ። ፀዳለ ብልጠት አማራት። ቋጠሮው ላይ ያለውን ስድስት ፍቃ አምስት ብታደርገውስ? ገና እጇን ስትዘረጋ ማኅተሙ ከሩቅ «አንድ ቁጥር ብትነኪ የተነካ ነው ብዬ ለዘላለም እዘጋዋለሁ» አላት። እጇን ሰበሰበች።

«እንግዲያ ራስህን አርም» አለችው ቀን ቆጣሪውን።

«የምኖረው ልዩ ልዩ ቤት ነው» አለ። «ባለቤቱ ልዩ ልዩ ያርመኝ።»

እያንዳንዱ ቤት አንድ መሳቢያ አለው፤ ያለቀ ባትሪ፣ የምን እንደሆነ የማይታወቅ ቁልፍ፣ የተሰበረ ማበጠሪያ፣ «ለማንኛውም ይቀመጥ» የተባለ ሁሉ የሚጣልበት። ልዩ ልዩ የተባለው ፋይልም የስልቻ መሳቢያ ነው። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ያለፈ ፕሮግራመር ሁሉ ቦታ ያጣለትን ኮድ እዚያ ወርውሮ ሄዷል። ስም የሚያሳጥረው፣ መጠን የሚለካው፣ ቀን የሚቆጥረው፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ ይኖራል። ፀዳለ እዚህ ፋይል ውስጥ በገባች ቁጥር ራሷን ያማታል።

«ልዩ ልዩ ሆይ፣ ቀን ቆጣሪውን አርምልኝ፤ ቀን ቆጣሪው ለማኅተሙ አልመሰክርም ብሏል፤ ማኅተሙ ለፍታ አልፈቅድም ብሏል፤ ፍታ ቋጠሮውን አልፈታም ብሏል፤ ቋጠሮው ድምፁን አልሰጥም ብሏል፤ ረድኤት ያለ አባቷ ምርቃት ልትዳር ነው።»

«የትኛውን ቀን ቆጣሪ?» አለ ልዩ ልዩ። «አራት አሉኝ።»

ብትፈትሽ እውነቱን ነው። አንዱ ለቋጥር ይቆጥራል፤ እሱ ጳጉሜ ስድስትን ያውቃል። ሁለተኛው ለማኅተሙ ይቆጥራል፤ እሱ አያውቅም። ሦስተኛው ለዝርዝር ማውጫው ነው። አራተኛውን ማን እንደጻፈው፣ ማንስ እንደሚጠቀምበት የሚያውቅ የለም። ስልቻ ሲያስር ያመነውን ቀን ሲፈታ የሚክደው ለዚህ ነው። መምህር አያልነህ ምንም አላጠፉም፤ የመጡበትን ቀን አንዱ ሲያውቀው ሌላው ስላላወቀው ድምፃቸው ቋጠሮው ውስጥ ተዘግቶበት ቀረ። ፀዳለን አንጀቷን በላት።

«አራቱን አንድ አድርጊያቸው፤ እኔም ይቀለኛል» አለ ልዩ ልዩ። «ግን ጋሼ ደርበው ንኪው ካላሉ አልታረምም።»

ጋሼ ደርበው የቤቱ ኃላፊ ናቸው፤ ስልቻን ከመጀመሪያው የጻፉትም እሳቸው ናቸው። በኮዱ ላይ የሚደረግ ለውጥ ሁሉ እሳቸው አይተው «ይግባ» ካላሉ አይገባም። ሐሙስ ጠዋት ፀዳለ ቢሯቸው ገባች።

«ጋሼ ደርበው፣ ልዩ ልዩን ያስነኩኝ፤ ልዩ ልዩ ቀን ቆጣሪውን አላርምም ብሏል፤ ቀን ቆጣሪው ለማኅተሙ አልመሰክርም ብሏል፤ ማኅተሙ ለፍታ አልፈቅድም ብሏል፤ ፍታ ቋጠሮውን አልፈታም ብሏል፤ ቋጠሮው ድምፁን አልሰጥም ብሏል፤ ረድኤት ያለ አባቷ ምርቃት ልትዳር ነው።»

«አላስነካም» አሉ ጋሼ ደርበው።

«ሥራውን አልቀይርም እኮ ጋሼ። አራቱን ቀን ቆጣሪ አንድ አድርጌ፣ ሁሉም ከእሱ እንዲጠይቁ ማደራጀት ብቻ ነው።»

«ጎመን በጤና። የሚሠራ ነገር አይነካም።»

«አልሠራም እኮ።»

«ለአንድ ቋጠሮ ነው ያልሠራው። ለአሥር ሺሁ ይሠራል።»

ፀዳለ አልወጣችም። ጋሼ ደርበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ከአራት ዓመት በፊት» አሉ «አንድ ልጅ ልዩ ልዩን ላስተካክል አለኝ። ይግባ አልኩት። በማግስቱ ሠላሳ ሰባት የአዝማሪ ቀረጻ ባዶ ሆኖ ወጣ። ግማሾቹ አዝማሪዎች ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ማን መልሶ ይቀዳቸዋል? ስብሰባ ተጠራ። ሁሉም እየተነሳ ወቀሰኝ። አይዞህ ያለኝ አንድ ሰው የለም።»

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ፀዳለ ያን ጊዜ ነገሩ ገባት። ግትር ይመስሏት የነበሩት ሰውዬ ግትር አይደሉም፤ ፈርተው ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ።

እንግዲህ ቁጠሩልኝ። ፍርሃት ጋሼ ደርበውን አልለቅም አለ፤ ጋሼ ደርበው ልዩ ልዩን አላስነካም አሉ፤ ልዩ ልዩ ቀን ቆጣሪውን አላርምም አለ፤ ቀን ቆጣሪው ለማኅተሙ አልመሰክርም አለ፤ ማኅተሙ ለፍታ አልፈቅድም አለ፤ ፍታ ቋጠሮውን አልፈታም አለ፤ ቋጠሮው ድምፁን አልሰጥም አለ፤ ረድኤት ያለ አባቷ ምርቃት ልትዳር ነው። ፀዳለ ፍታን ለምናለች፣ ማኅተሙን ለምናለች። ፍርሃትን ግን እንዴት አድርጋ ትለምነው? የተጻፈለትን አያነብ፣ የታዘዘውን አይሰማ።

ወይዘሮ ይታይሽ በቀጠሮአቸው ሲመጡ ፀዳለ ዓይናቸውን ማየት አፈረች። መዋሸት ግን አልሆነላትም፤ አጠገባቸው ተቀምጣ ከ«ፍታ» እስከ ፍርሃት አንድ በአንድ ነገረቻቸው። እሳቸውም እስከ መጨረሻው አዳመጧት።

«ስለ ኮምፒዩተሩ የነገርሽኝ አልገባኝም» አሉ። «የመጨረሻው ግን ገብቶኛል። ሰውየው የት ነው ያሉት?»

ቢሮው ሲገቡ ጋሼ ደርበው ከወንበራቸው ተነሱ። ለጠብ የመጡ መስሏቸው ነበር።

«ይቀመጡ የኔ ወንድም» አሉ ወይዘሮ ይታይሽ። «የመጣሁት አንድ ነገር ልነግርዎ ነው። ይህ ነገር ቢነካና ቢጠፋ እርስዎን አልወቅስም። ይችንም ልጅ አልወቅስም። አያልነህ ሲሞት አልቅሻለሁ፤ ድምፁ ቢጠፋም አለቅሳለሁ። በእርስዎ ግን አላዝንም። ተዘግቶ ከሚኖር፣ ሞክራችሁ ቢጠፋ ይሻለኛል።»

 

«አራት ዓመት ሙሉ» አሉ ጋሼ ደርበው «እንዲህ ያለኝ ሰው የለም።»

ከዚያ ወንበራቸውን ይዘው ወደ ፀዳለ ጠረጴዛ ሄዱ። «በይ ጀምሪ» አሏት። «ግን ተጣድፈን አይደለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

አልተጣደፉም። መጀመሪያ የቋጠሮውን ግልባጭ ወስደው ሁለት ቦታ አስቀመጡ። ቀጥለው ለአራቱም ቀን ቆጣሪዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ጻፉላቸው፤ ጳጉሜ አምስት ትክክለኛ ቀን ነች? ጳጉሜ ስድስትስ? በየትኛው ዓመት? አራቱም አራት ዓይነት መልስ ሰጡ። ጋሼ ደርበው አፈሩ፤ ሁለተኛውን የጻፉት እሳቸው ነበሩ። «እኔ ነኝ» አሉ ሳይደብቁ። ከዚያ አንድ ደህና ቀን ቆጣሪ ለብቻው በገዛ ቤቱ አስቀመጡና፣ ሌሎቹን አንድ በአንድ እያወጡ፣ ባወጡ ቁጥር ጥያቄውን እየደገሙ ሄዱ። ዓርብ ከምሳ በኋላ አራተኛውን ሲያወጡት ዝርዝር ማውጫው መሥራት አቆመ። ፀዳለ ደነገጠች፤ ጋሼ ደርበው ግን «ይኸው የአራተኛው ቀን ቆጣሪ ደንበኛ ተገኘ፤ ከሦስተኛው ሌላ እሱንም ይጠይቅ ኖሯል» ብለው ሳቁና አብረው አቃኑት። እሳቸው ሲስቁ ስታይ ፀዳለ ያኔ ገና የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጥያቄዎቹ ሁሉ በትክክል ተመለሱ። ጋሼ ደርበው በገዛ እጃቸው «ይግባ» ብለው ጻፉ። እንግዲህ ያዙልኝ፤ አሁን ተረቱ ወደ ኋላው ይሮጣል። ፍርሃት ጋሼ ደርበውን ለቀቀ፤ ጋሼ ደርበው ልዩ ልዩን አስነኩ፤ ልዩ ልዩ ቀን ቆጣሪውን አረመ፤ ቀን ቆጣሪው ለማኅተሙ መሰከረ፤ ማኅተሙ ለፍታ ፈቀደ፤ ፍታ ቋጠሮውን ፈታ፤ ቋጠሮውም ድምፁን ሰጠ። ከማጫወቻው ውስጥ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገና «ልጄ ረድኤት» አለ። ወይዘሮ ይታይሽ እጃቸውን ዘረጉ።

«አቁሚው» አሉ። «የሷ ነው፤ መጀመሪያ እሷ ትስማው።»

እሑድ ሙሽራዋ ከቤት ልትወጣ ስትል እንደ ደንቡ ምርቃት ሆነ። ለመምህር አያልነህ ወንበር ተቀመጠላቸው፤ ወንበሩ ላይ ትንሽ ማጫወቻ ተደረገች። ረድኤት በጉልበቷ ተንበረከከች። ፀዳለና ጋሼ ደርበው ተጠርተው በር ላይ ቆመዋል።

«ልጄ ረድኤት» አለ ድምፁ፣ ቀስ ብሎ፣ ትንፋሽ እያጠረው። «የቤትሽን በር እንግዳ ያንኳኳው እንጂ ችግር አያንኳኳው።»

ከዚያ ጸጥ አለ። ማጫወቻው ምንም አይልም። ሰው ተያየ። ፀዳለ ተበላሸ ብላ ወደ ወንበሩ ልትሮጥ ስትል ወይዘሮ ይታይሽ በእጃቸው ያዟት።

«አልተበላሸም» አሉ። «አሜን እስክንል ነው የሚጠብቀን።»

መምህር አያልነህ በዚያች ጠባብ ክፍል ብቻቸውን ተቀምጠው፣ ማንም በሌለበት፣ ከእያንዳንዱ ምርቃት በኋላ ለሠርገኛው አሜን ቦታ ትተው ነበር። ሁሉም ባንድ ድምፅ «አሜን» አለ። ድምፁም ልክ እንደሰማቸው ሁሉ «ብትደክሚ የሚያግዝሽ፣ ብትወድቂ የሚያነሳሽ አትጪ» ብሎ ቀጠለ፤ ደግሞም ዝም ብሎ ጠበቀ፤ አሁን ግን ማንም አልዘገየበትም። ረድኤት ግንባሯን ወንበሩ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ከሁሉም ጎልቶ የሚሰማው አሜን የጋሼ ደርበው ነበር።

ተረቴ ይኸው ነው፤ እናንተንም ምርቃት አይንሳችሁ።